ጊታር የድምፃዊውን ቦታ ሲይዝ፦ ለፕሮግረሲቭ ሮክ ፊውዥን አልበም የጊታር ቃና አቀራረጽ

በመሣሪያ ብቻ በሚሠራ አልበም ውስጥ ድምፃዊ ስለሌለ የአድማጭ ጆሮ የሚከተለው ዜማውን የያዘውን መሣሪያ ነው፤ የሮክን ጉልበት ከጃዝ ኮርዶች ጋር በሚያዋሕደው በፕሮግረሲቭ ሮክ ፊውዥን ደግሞ ይህ ሸክም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በጊታር ላይ ነው። ጊታሩ ግን ዜማ ብቻ አይጫወትም። በአንድ ቅንብር ውስጥ ከቤዝና ከድራም ጋር ተቆላልፎ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር ሐረግ) ይመታል፣ ወዲያው ጃዝ ቀመስ ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ኖታዎችን) ይዘረጋል፣ ጥቂት ባሮች (የምት ክፍሎች) ቆይቶ ደግሞ ረጅም ሶሎ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ «ምርጥ ቃና» ፈልጎ አልበሙን በሙሉ በእሱ መቅረጽ አያዋጣም። ቃና የሚመረጠው ለሚሸከመው ኖታ ነው፤ ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራርም ከዚሁ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ይህን የተረዳሁት ሥራ ካበላሸሁ በኋላ ነው። አንድ ረጅም ቅንብር ስቀርጽ ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ የሪፍ ቃና ላይ ደከምሁ፤ ወፍራሙ ድምፅ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ፣ ቀጭኑ ጥርት ያለ፣ መካከለኛው ግን እስከ ታች የተቀነሰ ነበር፣ ለብቻው ሲሰማም ክፍሉን ይሞላው ነበር። ቤዝ፣ ኪቦርድና ድራም የገቡ ዕለት ጊታሩ የት እንደ ገባ ጠፋ። ወፍራሙን ቤዝ ወሰደው፣ ቀጭኑን የድራሙ ሲምባል ሸፈነው፣ የጊታር ዋና መኖሪያ የሆነውን መካከለኛውን ክፍል ደግሞ እኔው ራሴ አውጥቼ ጥየዋለሁ። ሁሉንም እንደገና መቅረጽ ግድ ሆነብኝ።

ከማይክ በፊት ወረቀት

ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ቅንብር በክፍል በክፍል ከፋፍሎ በወረቀት ላይ ማስፈር ጊዜ የሚቆጥብ ሥራ ነው። በየክፍሉ ዜማውን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ፣ ጊታሩ በየትኛው የድምፅ ከፍታ ላይ እንደሚጫወት፣ ኮርዶቹ ስንት ኖታ እንዳላቸው፣ ኪቦርዱም በዚያው ቅጽበት ምን እንደሚሠራ ይጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል ከሦስቱ አንዱን ይወስኑ፦ ንጹሕ ቃና፣ ክሩ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ብቻ የሚሻክር ቃና፣ ወይም ሙሉ ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገበት ቃና። በእኔ ግምት ለአንድ አልበም ከአራት ወይም ከአምስት የማይበልጡ መሠረታዊ ቃናዎች ይበቃሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ አልበሙ የአንድ ተጫዋች ሥራ መምሰሉ ይቀርና የዕቃ ማሳያ ይሆናል።

የጊታሩን ዝግጅት በአጭሩ ልለፈው። ክሮቹ አዲስ ይሁኑ፣ ነገር ግን ከገቡ በኋላ ተስበውና ተለማምጠው ቅኝታቸው ረግቶ ይቆይ። በ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ባለው የብረት መስመር) ላይ የሚጫነው ኖታና በዚያው ፍሬት ላይ ክሩ ሳይጫን ተነክቶ ብቻ የሚወጣው ሃርሞኒክ እኩል መሆናቸውን በመቃኛ ያረጋግጡ፤ የፊውዥን ኮርዶች በአንገቱ ሁሉ ላይ ስለሚዘዋወሩ በዚህ ዘውግ ትንሽ የቅኝት ስሕተት ቶሎ ትጋለጣለች። ሲቃኙም ክሩን የሚመቱት ሲጫወቱ በሚመቱበት ኃይል ይሁን፤ ክር በኃይል ሲመታ ለቅጽበት ከቅኝቱ ከፍ ይላልና በለስላሳ ምት የተቃኘ ጊታር በጠንካራ ሪፍ ላይ ከፍ ብሎ ይሰማል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ ባለ አንድ ጥቅል ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪኩን 50 ወይም 60 ኸርዝ ጉርምርምታ ይለቅማል፤ ከኮምፒውተሩና ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ራቅ ብሎ ወንበሩን ቀስ እያሉ ማዞር ጉርምርምታው የሚቀንስበትን አቅጣጫ ያሳያል። ይህ ቀላል ዘዴ ከብዙ የድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር ይሻላል።

ዲስቶርሽንና ሰፋፊ ኮርዶች

የዚህ ዘውግ ዋነኛ ችግር ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። ሮክ ዲስቶርሽን ይፈልጋል፣ ጃዝ ደግሞ ከመሠረቱ ኖታ ሲቆጠር ሰባተኛ፣ ዘጠነኛና አሥራ አንደኛ ያላቸውን ኮርዶች ያመጣል፤ ሁለቱ በአንድ አምፕ ውስጥ ሲገናኙ ይጣላሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሁለት ኖታዎች አብረው በአንድ ዲስቶርሽን ውስጥ ሲያልፉ የሚወጣው ድምፅ ሁለቱን ኖታዎችና የየራሳቸውን ሃርሞኒኮች (በኖታው ላይ የሚደረቡ ከፍ ያሉ ድምፆች) ብቻ አይደለም፤ የሁለቱን ድግግሞሽ ድምርና ልዩነትም አዲስ ድምፅ አድርጎ ይጨምራል።

በምሳሌ እንየው። 110 ኸርዝ የሆነውን ኤ እና 165 ኸርዝ ገደማ የሆነውን ኢ አብረን ብንመታ ልዩነታቸው 55 ኸርዝ ነው፤ 55 ኸርዝ ደግሞ ያው ኤ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ኖታ ፓወር ኮርድ በዲስቶርሽን ውስጥ ከተጫዋቹ ጣት የገዘፈ መስሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ 220 ኸርዝ የሆነውን ኤ እና ሜጀር ሰባተኛው የሆነውን ጂ ሻርፕ፣ ማለትም 415.3 ኸርዝ፣ አብረን እንምታ። ልዩነቱ 195.3 ኸርዝ ነው፤ ይህ ደግሞ 196 ኸርዝ ከሆነው ጂ ጋር ለጥቂት አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማንም ያልተጫወተው ጂ ከጂ ሻርፑ ጋር እየተጋጨ በኮርዱ መካከል ይቀመጣል። በሦስት ኖታ፣ በአራት ኖታ እንዲህ ያሉ ያልተጠሩ እንግዶች እየበዙ ሄደው ኮርዱ የሚሰማው እንደ ተፈጨ ድምፅ ይሆናል።

መፍትሔው ብዙ ነው፤ እኔ በማስቀድማቸው ቅደም ተከተል እጠቅሳለሁ። መጀመሪያ ጌኑን፣ ማለትም ወደ ዲስቶርሽኑ የሚገባውን የድምፅ ኃይል፣ ይቀንሱ። በአምፑ ላይ ሳይሆን በራሱ በጊታሩ የቮልዩም ማዞሪያ ላይ ወደ 6 ወይም 7 ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ኮርዱን ይከፍተዋል፣ የአምፑ ጠባይ ግን እንዳለ ይቆያል። ቀጥሎ ኖታ ይቀንሱ፤ መሠረቱን ቤዝ ስለሚጫወተው ጊታሩ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ብቻ ቢይዝ አድማጭ ኮርዱን ሙሉ አድርጎ ይሰማዋል። እነዚህ ሁለቱ ካልበቁና ወፍራም ዲስቶርሽን ያለው ሙሉ ኮርድ የግድ ከተፈለገ፣ የኮርዱን እያንዳንዱን ኖታ በየራሱ ትራክ ላይ ለብቻው ይቅረጹ። ኖታዎቹ የሚገናኙት ከዲስቶርሽኑ በኋላ ስለሚሆን ያ ያልተጠራ ጂ አይወለድም፤ ውጤቱም ጊታር የነሐስ መሣሪያዎች ቡድን ሆኖ የተነፋ ይመስላል። ሥራው አድካሚ ነው፤ በአንድ ቅንብር ውስጥ ለአራት ባር ያህል ሲሆን ግን ድካሙ የሚካስ ነው።

ለሪፍ ደግሞ ሌላ ምክር አለኝ። ወፍራሙን ድምፅ ከዲስቶርሽኑ በፊት መቁረጥና ከዲስቶርሽኑ በኋላ መቁረጥ አንድ አይደሉም። ወፍራም ድምፅ ሙሉ በሙሉ ወደ ዲስቶርሽኑ ከገባ ይዘባና የተጨቀየ ድምፅ ይፈጥራል፣ ከዚያ በኋላ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ለይቶ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ) ቢቆርጠውም ጭቃው ወደ ላይኛው ክፍል ተሠራጭቷልና አይጠራም። የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመርን የመሰለ ፔዳል ድራይቩ (የሻካራነት ማዞሪያው) ወደ ዜሮ ቀርቦ፣ ሌቨሉ (የድምፅ መጠን ማዞሪያው) ከፍ ብሎ ከአምፑ በፊት የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ ፔዳሉ ዲስቶርሽን ለመጨመር ሳይሆን ከ700 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ቀስ በቀስ እያሳሳ ለአምፑ ለመስጠት ይሠራል። በዘጠኝ ስምንተኛ ወይም በሰባት ስምንተኛ ምት የሚሄድ ፈጣን ሪፍ እያንዳንዱ ምቱ ተለይቶ እንዲሰማ ከተፈለገ ይህን ያህል የሚረዳ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

ስፒከሩ ፊት ለፊት

የጊታር ስፒከር እንደ ሙዚቃ ማዳመጫ ስፒከር አይደለም፤ ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን በፍጥነት ይጥለዋል፣ ዲስቶርሽን ያለ ስፒከር ሲሰማ እንደ ንብ የሚነዝረውም ስለዚህ ነው። በስፒከሩ ገጽ ላይም ድምፁ አንድ ዓይነት አይደለም። መካከሉ ላይ ካለው ጉብታ አጠገብ ጥርት ያለና ሹል ነው፤ ወደ ዳር በተሄደ መጠን እየለሰለሰ፣ እየጨለመ ይመጣል። በጨርቁ ሥር ጉብታው ስለማይታይ የእጅ ባትሪ አብርተው ቦታውን ያግኙና በጨርቁ ላይ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉበት።

ከ1965 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው ሹር ኤስኤም57 ለዚህ ሥራ ዛሬም ይበቃል። ማይኩን ጉብታውና ኮኑ በሚገናኙበት መስመር ትይዩ፣ ከጨርቁ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያድርጉና ሃያ ሰከንድ ያህል ይቅረጹ። የሚቀረጸው ደግሞ ጣት የለመደው ማሟሟቂያ ሳይሆን በአልበሙ ላይ ያለው ክፍል ራሱ ይሁን። ከዚያ ማይኩን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ዳር ያንቀሳቅሱና ያንኑ ክፍል እንደገና ይቅረጹ፤ እንዲህ እያሉ አምስት ወይም ስድስት ቦታ ይሞክሩ። ቅጂዎቹን ከቤዝና ከድራም ጋር ሲያዳምጧቸው ምርጫው ራሱን ይገልጣል። ቅርርቡ ራሱም ድምፅ ይለውጣል፤ አቅጣጫ ያለው ማይክ ወደ ድምፁ ምንጭ በቀረበ ቁጥር ወፍራሙ ይጨምራልና ቃናው ሲከብድ ኢኳላይዘር ከመንካት በፊት ማይኩን ጥቂት ማራቅ ይቀላል። የአንድ ሴንቲ ሜትር ለውጥ በኢኳላይዘር ሊደረስበት የማይችል ልዩነት ያመጣል ብል ማጋነን አይደለም።

ሁለተኛ ማይክ የሚጨምር ሰው፣ ለምሳሌ ለስለስ ያለ ሪበን ማይክ፣ ስለ ፌዝ፣ ማለትም የሁለቱ ማይኮች ሞገዶች ስለ መግጠማቸው፣ ማሰብ አለበት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አንዱ ማይክ ከሌላው 5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁ ወደ እሱ ዘግይቶ ይደርስና ሁለቱ ሲደመሩ በ3,400 ኸርዝ አካባቢ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ይህ ስፍራ የፒኩ ምት የሚሰማበት ስለ ሆነ ጊታሩ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የአንዱን ማይክ ፖላሪቲ (የሞገዱን የላይና የታች አቅጣጫ) ገልብጠው ተጫዋቹ ሲጫወት ሁለተኛውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሱ፣ ድምፁ እጅግ የቀጠነበትን ቦታ ሲያገኙ ያቁሙትና ፖላሪቲውን ወደ ነበረበት ይመልሱ። በጣም የተጠፋፉበት ቦታ ሲመለስ በጣም የተደጋገፉበት ይሆናል።

አምፑ የትኛውም ቢሆን፣ ማይኩ የትኛውም ቢሆን፣ ከጊታሩ በቀጥታ የሚወጣውን ንጹሕ ድምፅ በዲአይ ሣጥን (የጊታሩን ድምፅ በቀጥታ ወደ መቅጃው በሚያስገባ ሣጥን) በኩል በሌላ ትራክ ላይ አብሮ መቅረጽን ልማድ ያድርጉት። የሚገባበት መግቢያ 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሆነ፣ ለጊታር የተዘጋጀ ይሁን፤ አለዚያ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። በ24 ቢት ሲቀረጽ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን በቂ ነው፤ ቀዩን መብራት ማሳደድ አያስፈልግም። ይህ ትራክ ካለ አፈጻጸሙ የተዋጣለት፣ ቃናው ግን ያልተሳካ ቅጂ አይጣልም፤ በሪአምፕ ሣጥን በኩል ወደ አምፕ ተመልሶ ሊቀረጽ ይችላል። ሆኖም ይህን ለውሳኔ ማዘግያ እንዳያደርጉት። ተጫዋች ጣቱን የሚያስተካክለው በሚሰማው ቃና ነው፤ በንጹሕ ድምፅ የተጫወተውን ሰው በኋላ ዲስቶርሽን ቢያለብሱት ሁልጊዜ የተዋሰ ልብስ ይመስላል።

ከፍ ባለ ድምፅ መቅረጽ የማይችል ሰው የስፒከሩን ድምፅ በኢምፐልስ ሪስፖንስ (የስፒከርንና የማይክን ጠባይ በያዘ ፋይል) ሊተካው ይችላል፤ ውጤቱም ዛሬ ዛሬ ከማይክ ቅጂ ለመለየት ያስቸግራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ የቱቦ አምፕ ያለ ስፒከር ወይም ያለ ሎድ ቦክስ (በስፒከሩ ፈንታ የአምፑን ኃይል ከሚቀበል ሣጥን) ፈጽሞ አይከፈትም፣ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። በሶፍትዌር አምፕ የሚሠራ ደግሞ በፈጣን ምንባቦች ላይ የድምፁ መዘግየት እጁን እንዳያስረው የኮምፒውተሩን በፈር (ድምፁ የሚጠራቀምበትን ጊዜያዊ ማከማቻ) ወደ 128 ናሙና ወይም ከዚያ በታች ያውርድ፤ በ48,000 ኸርዝ ይህ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፣ የመግቢያና የመውጫው ተጨማሪ ሳይቆጠር።

ዜማውን የሚዘምረው ቃና

የሊዱ፣ ማለትም ዜማና ሶሎ የሚጫወተው ጊታር፣ ቃና የሚሠራው ከሁሉም በኋላ፣ ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ ቢያንስ በረቂቅ ደረጃ ተቀርጸው ካለቁ በኋላ ነው። ለብቻው ሲሰማ ትንሽ አፍንጫማ፣ ትንሽም የጠበበ የሚመስለው ቃና በቅንብሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ሆኖ ይገኛል፤ ከ800 እስከ 2,500 ኸርዝ ያለው ክፍል የሰው ድምፅ ጠባይ የሚገለጽበት ነውና ዜማውን ወደ ፊት የሚያወጣውም እሱ ነው።

የአጨዋወቱ ስልት ፒክአፑንና ጌኑን ይወስናል። ጊታረኛው አለን ሆልድስዎርዝ እንደሚታወቅበት ያለ ሌጋቶ፣ አብዛኛው ኖታ በፒክ ሳይመታ በግራ እጅ ጣቶች ብቻ የሚወጣበት አጨዋወት፣ በጣት የወጣው ኖታ በፒክ ከተመታው እንዳያንስ ከፍ ያለ ጌን ይፈልጋል፤ ዲስቶርሽን ድምፁን ጨምቆ ሁለቱን ያስተካክላቸዋልና። የአንገቱ ፒክአፕና በግማሽ የወረደ የቶን ማዞሪያ እዚህ ላይ ድምፁን ወደ ነፋሽ መሣሪያ ያቀርበዋል። እያንዳንዱ ኖታ በፒክ ለሚመታበት ፈጣን ምንባብ ግን ተቃራኒው ይሠራል፦ የድልድዩ ፒክአፕ፣ ያነሰ ጌን፣ የፒኩም ጫፍ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቃና። ሁለቱን ስልቶች በአንድ ሶሎ ውስጥ የሚያቀላቅል ተጫዋች በመካከላቸው ያለውን ቃና ከመፈለግ ይልቅ ሶሎውን በሁለት ትራክ ቢከፍለው ይሻለዋል የሚል አቋም አለኝ፤ ብዙዎች ግን በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ ሶሎ ይበልጥባቸዋል፣ ምርጫቸውንም አልነቅፍም።

ዲሌይና (ዘግይቶ የሚደግም ማሚቶ) ሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ጉምጉምታ) ከዜማው ጋር ተቀላቅለው ባይቀረጹ መልካም ነው፤ ሶሎው በኋላ ከኪቦርዱ ጋር ሲጣላ ሪቨርቡን መቀነስ የሚቻለው ለብቻው ከሆነ ነውና። ከዚህ ደንብ የሚወጡት ማሚቶው ራሱ ከአጨዋወቱ ጋር የተዋሐደባቸው ክፍሎች ናቸው፤ በቮልዩም ፔዳል ቀስ ብሎ ከዝምታ የሚነሣ ኮርድ ያለ ዲሌይ ምንም አይደለም፣ ስለዚህ አብሮ ይቀረጽ።

በጎዶሎ ምት ላይ የዲሌይን ጊዜ ማስላት ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቅንብሩ በሰባት ስምንተኛ ምት፣ በደቂቃ 140 የሩብ ኖታ ፍጥነት የሚሄድ ነው እንበል። አንዱ ስምንተኛ ኖታ 214 ሚሊ ሰከንድ፣ ሙሉው ባር 1,500 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ብዙ ጊታረኞች ከልማድ የሚመርጡት ነጥብ ያለው ስምንተኛ 321 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ማለትም ሦስት አሥራ ስድስተኛ። በባሩ ውስጥ ያሉት አሥራ አራቱ አሥራ ስድስተኞች ለሦስት እኩል ስለማይካፈሉ ግን ማሚቶው የባሩን ድንበር እየተሻገረ በየባሩ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። ለሚንሳፈፍ ክፍል ይህ ውበት ነው፤ ከድራሙ ጋር ለተቆለፈ ሪፍ ግን ብጥብጥ ነውና ያን ጊዜ 214 ወይም ሙሉውን 1,500 ይጠቀሙ።

ድርብርብ ቅጂና ተከታታይነት

ሪፍ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሲጣል የሚሰፋው በሁለቱ አጨዋወቶች መካከል ባለው ጥቃቅን ልዩነት ምክንያት ነው፤ አንዱን ቅጂ ራሱን አባዝቶ በሁለቱም ወገን ማስቀመጥ ድምፁን ከፍ ከማድረግ በቀር ምንም አይጨምርም። ለሁለተኛው ቅጂ ጊታሩን ወይም ፒክአፑን ይቀይሩ፣ ጌኑንም ብቻዎን ሲለማመዱ ከሚጠቀሙበት ያሳንሱት፣ ሁለት ቅጂ ሲደራረብ ሻካራነቱም ይደራረባልና። ከቤዝ ጋር አንድ ላይ በሚሄዱ ምንባቦች ጊታሩን ከ100 ኸርዝ በታች ለቤዝ ይልቀቁለት፤ የጊታር ወፍራሙ ኢ መሠረቱ 82.4 ኸርዝ ቢሆንም ጆሮ ኖታውን ከሃርሞኒኮቹ አንብቦ ይደርስበታል።

አልበም በወራት ውስጥ ስለሚቀረጽ ቃናው ከቅንብር ወደ ቅንብር እንዳይሸሽ የእያንዳንዱን ማዞሪያ ቦታ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የማይኩን ርቀት በማስመሪያ ለክቶ መመዝገብ፣ የክሩንና የፒኩን ውፍረት መጻፍ ያስፈልጋል። ይህም ሆኖ ፎቶግራፉ ብቻውን አይበቃምና ባለፈው የተቀረጸውን ግማሽ ደቂቃ አስቀምጠው አዲሱን ከእሱ ጋር ያወዳድሩ፣ ሁለቱም በአንድ የድምፅ መጠን ይሁኑ፤ ከፍ ብሎ የተሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና ያለ ማስተካከል የሚደረግ ውድድር ሐሰት ነው። ለጆሮም ይታሰብለት፤ በቀን ለስምንት ሰዓት ሊታገሡት የሚመከረው ልክ 85 ዴሲቤል ነው፣ የተከፈተ አምፕ ያለበት ክፍል ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል፣ ጆሮው የደከመ ሰውም ሳያውቀው ቀጭን ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል።

አንድ ቅንብር ተቀርጾ ሲያልቅ የማደርገው የመጨረሻ ፈተና አለ። ቤዝ፣ ድራምና ሊድ ጊታር ብቻ እንዲሰሙ አድርጌ ሌላውን ሁሉ እዘጋለሁ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አደርግና ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄጄ በሩ በከፊል ተከፍቶ አዳምጣለሁ። ዜማውን አብሬው ማንጎራጎር ከቻልሁ ቃናው ለአልበሙ ያልፋል። ዜማው ከጠፋብኝ ኢኳላይዘር አልነካም፤ ተመልሼ ፒክአፑን እቀይርና ያንኑ ክፍል እንደገና እጫወተዋለሁ።